ከቤት የያዝነው ዶሮ ወጥ

ወደ ክፍለ ሀገር ስንጓዝ የመንገድ ዳር ምግብ እንፈራለን። የእኔን ቤተሰብ የመረዘው ግን በገዛ እጄ የሠራሁት ነበር።

ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰኞ፣ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስንነሳ መኪናው ውስጥ አራት ነበርን፤ ባለቤቴ፣ የአራት ዓመት ልጃችን፣ እማዬና እኔ። የምንሄደው ምሥራቅ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ነበር። በማግስቱ አስተርዮ ማርያም ነው። እማዬ ተወልዳ ያደገችው እዚያ በመሆኑ፣ ንግሥት እሌኒ ያሠራቻትን ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ለልጅ ልጇ ለማሳየት ለዓመታት ስትመኝ ኖራለች።

የመንገዱ ስንቅ የእኔ ድርሻ ነበር። “ከመንገድ ዳር ምንም አይቀመስም” ብዬ አስቀድሜ አውጃለሁ። እሑድ ማታ ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ 12 እንቁላል ቀቅዬ ላጥኩ። ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋ ጣቴን ቆርጦኝ ስለነበር በፕላስተር ጠቅልዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። “ትኩስ ነገር ፍሪጅ ያበላሻል” በሚለው ልማዳችን መሠረት ድስቱን እንደተከደነ ምድጃው ላይ አሳደርኩት። ሲነጋ ለብ አደረግኩትና ክዳኑ ጥርቅም ብሎ በሚገጥም አዲስ ዕቃ ገልብጬ ከኋላ ከሻንጣዎቹ መሃል ሸጎጥኩት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ማሸጊያ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምን አውቃለሁ። ያን ቀን ያሳመነው እኔን ነበር።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ መንገዱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስዳል። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ሹራባችንን አውልቀን መስኮት ከፍተናል። ከሻንጣዎቹ መሃል ለታፈነው ወጥ ግን መስኮት የከፈተለት አልነበረም።

ቢቸና ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኗል። ቡና ለመጠጣት ከአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ፊት ለፊት ቆምንና እኔ መኪናው ውስጥ ስንቄን ፈታሁ። እማዬ አየት አደረገችና “እኔ አሁን ከእሳት ያልወረደ ነገር አልበላም፤ ሽሮዬን ያምጡልኝ” አለች። ሽሮዋ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣላት። እኔ እንዲያውም ለእሷ ሰጋሁላት። ባለቤቴ፣ ልጄና እኔ ዶሮ ወጣችንን በላን። ሽታውም ጣዕሙም ምንም አልነበረውም።

ደብረ ወርቅንና ጉንደ ወይንን አልፈን መርጡለ ማርያም ልንደርስ ስንል፣ 10 ሰዓት ገደማ፣ ልጄ “እማዬ ሆዴን” አለች። ወዲያው አስታወከች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ባለቤቴ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። አክስቴ ቤት የደረስነው ለንግሥ እንደመጣ እንግዳ ሳይሆን ተደጋግፈን ነው።

ከዚያ ምክሩ ጎረፈ። ጎረቤት “አንድ መለኪያ አረቄ ይቅመስ፤ ሆዱን ይቆርጥለታል” አሉ። ባለቤቴ ከቦርሳው ከቀድሞ ሕመሙ የተረፈ አሞክሳሲሊን አወጣ። እኔ ለልጄ ለስላሳ እንዲገዛልኝ ላክሁ። ልጄ ያጠጣኋትን ሁሉ ትመልሳለች፤ ስታለቅስ እንባ እንደሌላት ያየችው አክስቴ ናት። “የኔ ልጅ፣ ይሄ የቤት ነገር አይደለም፤ ተነሺ” አለችኝ፤ ወደ ጤና ተቋም ሄድን።

የተቀበለችን ሲስተር መድኃኒት ከመጻፏ በፊት ጠየቀች። ምን በላችሁ? በስንት ሰዓት? አብሯችሁ ሆኖ ያልታመመ አለ? እሱስ ምን በላ? ከዚያ እጄን አየችና “ጣትሽ ምን ሆነ?” አለችኝ። መልሱን የሰማሁት ራሴ ስናገረው ነው። ያለ ላቦራቶሪ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን የበላነው ሦስታችን ታመን፣ ሽሮ የበላችው እማዬ ደህና ነበረች።

ምን ሆኖ ነው?

አገራችን የምትገኘው በሐሩር ክልል ነው። የደጋው ብርድ ስለሚያታልለን እንጂ ቆላ ስንወርድ፣ ወይም ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ስንገባ፣ እውነቱ ይታወቃል። ባክቴሪያ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በላይ አይራባም። በሚመቸው ቦታ አንዱ ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሌት አንዱ በ7 ሰዓት ውስጥ 2 ሚሊዮን ይሆናል። የእኔ ወጥ ደግሞ ከእሑድ ማታ ጀምሮ ከ12 ሰዓት በላይ ለብ እንዳለ ቆይቷል።

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ቁስል ላይ ደግሞ ይበዛል። በእጅ የተነካ የበሰለ ምግብ ላይ ሲያርፍና ሲራባ መርዝ ያመነጫል። አስቸጋሪው ነገር መርዙ ሙቀት መቋቋሙ ነው። ምግቡን ደግመው ቢያፈሉት ባክቴሪያው ይሞታል፤ መርዙ ግን ይቀራል። በሽታና በጣዕም አይታወቅም። “ቢቸና ላይ አሙቄው ቢሆን” ብዬ ራሴን ስወቅስ ሲስተሯ የነገረችኝ ይህንኑ ነው፤ ጥፋቱ የተሠራው አዲስ አበባ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበር።

ሰዓቱን ይቁጠሩ

ከተበላበት እስከ ሕመሙ ያለው ጊዜ ብዙ ይናገራል። ከግማሽ ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ድንገተኛ ትውከት ከመጣ ምግቡ ውስጥ አስቀድሞ የተፈጠረ መርዝ ይጠረጠራል። ስታፊሎኮከስና ተቀቅሎ ካደረ ሩዝ ወይም ፓስታ የሚመጣው ባሲለስ ሴሬየስ እንዲህ ናቸው። ይህ ዓይነቱ ሲመጣ ያስደነግጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በአንድ ቀን ውስጥ ይለቃል። ሳልሞኔላን የመሰሉት ግን ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ሊወስዱ ይችላሉ፤ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣሉ። ስለዚህ መጨረሻ የበላነውን ምግብ ብቻ መክሰስ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ባለፉት ቀናት የበሉትን፣ ሰዓቱንና ማን እንዳልበላ ስልክዎ ላይ ይጻፉ። ለሐኪም ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

የመጀመሪያው መድኃኒት

ትውከትና ተቅማጥ ሰውን የሚጎዱት በዋናነት ውሃና ጨውን ከሰውነት በማሟጠጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና ኦ.አር.ኤስ፣ ማለትም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ፓኮው ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ይበጠበጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ልኩን አያሳልፉ፤ ጨው ሲበዛ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከሩብ እስከ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ፣ ከዚያ በላይ ላለ ልጅ ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ ይስጡ፤ አዋቂ የፈለገውን ያህል ይጠጣ። ልጁ ካስታወከ 10 ደቂቃ ይጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። የእኔ ስህተት ጠምቷታል ብዬ በብርጭቆ ማጋቴ ነበር። ሲስተሯ ማንኪያ ሰጠችኝና “በየደቂቃው አንድ፤ አትቸኩዪ” አለችኝ። የሚጠባ ሕፃን ጡት አይከልከል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ተቅማጥ ካለው የጤና ባለሙያ ዚንክም ያዝለታል።

አረቄ ሰውነትን የባሰ ያደርቃል። ለስላሳ ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያባብስ ይችላል። የተረፈ አንቲባዮቲክ መርዝ ላይ ምንም አይሠራም። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን ለልጅ አይሰጥም፤ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ለአዋቂም አይሆንም።

ቶሎ ወደ ሐኪም

የሚከተሉትን ካዩ ቤት አይቆዩ፦

• ሰገራው ውስጥ ደም፣ ወይም ከፍተኛ ትኩሳት
• የሚጠጡት ሁሉ ሲመለስ
• ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሽንት አለመሽናት፣ እንባ መጥፋት፣ የዓይን መሰርጎድ፣ መፍዘዝ
• የሩዝ እጣቢ የሚመስል፣ ብዙ ውሃ የሆነ ተቅማጥ
• የዓይን ብዥታ፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የመዋጥ ችግር
• ከ3 ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ

ነፍሰ ጡር፣ ጨቅላ ሕፃንና አረጋውያን ከሆኑ ቀድመው ይሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 600 ሚሊዮን ሰው በተበከለ ምግብ ይታመማል፤ 420 ሺህ ይሞታል። ከሟቾቹ 125 ሺህ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ቦታ ደግሞ የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር፣ ቋራ ወረዳ፣ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ የኮሌራ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ለንግሥ ወይም ለጸበል ሲሄዱ በሳሙና መታጠብና የሚጠጡትን ውሃ ማወቅ እምነትን አይነካም። የታሸገ ውሃ ካልተገኘ ውሃውን አፍልተው ከ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር በሚያልፍ ደጋ ደግሞ ከ3 ደቂቃ በኋላ ያውርዱ። ውሃ አጋርም በመመሪያው መሠረት ይሠራል።

በመንገድ ላይ ምን ይበላል?

የምግብ ቤቱን ግድግዳ ቀለም አይዩ፤ ምግቡ መቼ ከእሳት እንደወረደ ይጠይቁ። ሲንተከተክ የመጣ ሽሮ፣ ዓይንዎ እያየ የተጠበሰ ጥብስ፣ የፈላ ሻይ፣ ራስዎ የላጡት ሙዝና ብርቱካን የተሻሉ ናቸው። ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት፣ በምን ውሃ እንደታጠበ የማይታወቅ ሰላጣና ጁስ ይለፉ። የታሸገ ውሃ ሲገዙ ክዳኑ ሲከፈት “ቀጭ” ማለቱን ይስሙ።

ስንቅ መያዝ ከፈለጉ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ደረቅ ብስኩት ሙቀት አይፈሩም። አያቶቻችን ለሩቅ መንገድ የሚሰንቁት እንዲህ ያለውን ደረቅ ነገር ነበር። ወጥ መያዝ ግድ ከሆነ እንደበሰለ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። ጠዋት በረዶ ባለበት የማቀዝቀዣ ሳጥን ይያዙት፤ ሲበላም በደንብ ይንተክተክ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ምግብ አይንካ፤ ግድ ከሆነም ቁስሉን ሸፍኖ ጓንት ያድርግ።

የጉዞ ቦርሳዎ ውስጥ ይግቡ

• 4 ወይም 5 ፓኮ ኦ.አር.ኤስ
• ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድና የሻይ ማንኪያ
• ሳሙናና ውሃ አጋር
• የሙቀት መለኪያ
• የሚያልፉባቸው ከተሞች የጤና ተቋማት ስልክ

ያን ማታ ማንኪያና ኦ.አር.ኤስ ይዤ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩ። እማዬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ነጠላዋን ከለበሰች በኋላ ሐሳቧን ቀይራ አጠገቤ ቁጭ አለች። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኳት። “ሽሮዬን ብትቀምሺ ኖሮ” አለችና ሳቋን ዋጠች። 5 ሰዓት ገደማ ልጄ ነቃችና “ሽንቴ መጣ” አለች። አክስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። በሕይወቴ ከሰማኋቸው የምሥራቾች አንዱ እሱ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ልጄ በአባቷ ትከሻ ላይ ሆና የእማዬን መርጡለ ማርያም አየች። ስንመለስ ረቡዕ፣ የጾም ቀን ነበር። ቢቸና ላይ ያችው ምግብ ቤት ፊት ለፊት ቆምንና አራታችንም ትኩስ ሽሮ አዘዝን። አዲሱ የምግብ ዕቃዬ ከኋላ ባዶውን ነበር፤ አሁን ቆሎ እይዝበታለሁ።