በጭብጨባው መሃል የገባው የ2 ሰከንድ ዝምታ፦ የቆየ ቀረጻን ሳይቆራረጥ ሲዲ ላይ እንዴት እንጭናለን?

ዛሬ የምናወራው ስለ ሲዲ ነው። «ሲዲ እኮ ድሮ ቀረ» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን፤ ነገሩ ቤታችሁ ያለውን ካሴትም፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን ሙዚቃም ይነካል።

ሆሳዕና ውስጥ፣ ከመካከላችን የአንዳችን አያት ቤት፣ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት አለ። ከብዙ ዓመት በፊት በያሆዴ ምሽት የተቀረጸ ነው። ለማታውቁት፣ ያሆዴ በመስቀል ሰሞን የሚከበር የሀዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ ጎረቤታችን ከምባታ ደግሞ በዚያው ሰሞን መሳላን ያከብራል። ካሴቱ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። አንዱ ዜማ ሳያልቅ ሌላው ይገባል፣ ጭብጨባው ግን አይቆምም። ከሚያወጡት ሰዎች አንዱ የአያታችን ባለቤት ናቸው። ዛሬ በሕይወት የሉም። ድምፃቸው የቀረው እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

የአያታችን ቴፕ ከተበላሸ ቆይቷል። አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን አላቸው፣ ስማርት ስልክ ደግሞ አይነኩም። ስለዚህ ቴፕ ተውሰን፣ ካሴቱን በኬብል ወደ ላፕቶፕ ቀድተን፣ የባለቤታቸው ድምፅ ጋ በቀላሉ እንዲደርሱ ብለን በ9 ትራክ ከፋፈልነው። ሲዲ ላይ ራይት አድርገን ይዘንላቸው ሄድን።

አንደኛው ትራክ አልቆ ሁለተኛው ሊገባ ሲል፣ ልክ ጭብጨባው መሃል፣ ጸጥ አለ። ሁለት ሰከንድ። ከዚያ ቀጠለ። ሁለተኛው መጋጠሚያ ላይም እንደዚያው። አያታችን ወደ እኛ ዞር ብለው «ልጆቼ፣ ምነው ቆራረጣችሁት?» አሉን። አፈርን።

9 ትራክ ማለት 8 መጋጠሚያ ነው። አንዱ ካሴቱ ከ30 ደቂቃ በኋላ የተገለበጠበት ቦታ ስለሆነ የእኛ ጥፋት አይደለም። የቀሩትን 7ቱን ግን ያበላሸነው እኛ ነን። ለምን እንደሆነ ስናጣራ ዝምታው ከሦስት ቦታ እንደሚመጣ ገባን።

1. ከሲዲ መጻፊያው

ብዙ ሰው የማያስተውለው ይሄን ነው። ሲዲ ራይተር በሁለት መንገድ ይጽፋል። አንደኛው ትራክ አት ዋንስ ይባላል፤ አንድ ትራክ ይጽፍና ሌዘሩን አጥፍቶ እንደገና ይጀምራል፣ በመሃልም አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰከንድ ባዶ ይገባል። ሁለተኛው ዲስክ አት ዋንስ ነው፤ ሌዘሩ ሳይጠፋ ሲዲውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ትንፋሽ ይጽፈዋል። እዚህ ላይ በትራኮች መሃል ያለውን ክፍተት ዜሮ ማድረግ ይቻላል። ከመጀመሪያው ትራክ በፊት ያለችው 2 ሰከንድ ግን የሲዲው ሕግ ስለሆነች አትነካም፣ ማንንም አትጎዳም።

2. ከኤምፒ3

ክፍተቱን ዜሮ አድርጋችሁም መጋጠሚያው ላይ «እንቅ» የሚል ነገር ከቀረ ጥፋተኛው ኤምፒ3 ሊሆን ይችላል። ኤምፒ3 ድምፅን የሚጨምቀው በቁራሽ በቁራሽ ነው። አንዱ ቁራሽ 1152 ናሙና ይይዛል፣ ይህም ወደ 26 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዘፈኑ ልክ በቁራሹ ጫፍ ላይ ስለማያልቅ የቀረው በዝምታ ይሞላል፤ መጀመሪያው ላይም ትንሽ ዝምታ ይጨመራል። ስልካችሁ ላይ የላይቭ መዝሙር ወይም ኮንሰርት ከትራክ ወደ ትራክ ሲያልፍ የሚደናቀፈውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ በሉ፦ የተቆራረጡትን ኤምፒ3ዎች በኋላ ወደ ዌቭ መቀየር ዝምታውን አያጠፋውም፣ ገብቷል በቃ። መፍትሔው ከመጀመሪያው በዌቭ መቅዳት ነው። በእጃችሁ ያለው አንድ ረጅም ኤምፒ3 ብቻ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሙሉውን ወደ ዌቭ ቀይሩ፣ ከዚያ ቁረጡ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው።

3. ከመቁረጫው ቦታ

የሙዚቃ ሲዲን መስፈርት ፊሊፕስና ሶኒ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በዚያ መስፈርት አንድ ሰከንድ ድምፅ 44,100 ናሙና አለው፣ ሲዲው ላይ ደግሞ በ75 ፍሬም ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በአንድ ፍሬም 588 ናሙና ማለት ነው። ትራክ መጀመርም ማለቅም የሚችለው በፍሬም ድንበር ላይ ብቻ ነው። በእንጀራ አስቡት፦ ሲዲው ሙሉ እንጀራ እንጂ ግማሽ አይቀበልም። እናንተ ፍሬሙ መሃል ላይ ከቆረጣችሁ ፕሮግራሙ የጎደለውን በዜሮ ይሞላዋል፤ ጆሮ ላይ «ጠቅ» ብሎ ይሰማል።

እሺ፣ እንዴት እንሥራው?

በሁለተኛው ሙከራ ያደረግነው ይሄን ነው፤ ፕሮግራሞቹ ነጻ ናቸው።

መጀመሪያ ካሴቱን ኦዳሲቲ ላይ በዌቭ ቀዳን፦ 44,100 ኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ። 60 ደቂቃው ወደ 635 ሚሊዮን ባይት መጣ። ተራው ባለ 700 ሜጋባይት ሲዲ 80 ደቂቃ ስለሚይዝ ይበቃል።

ቀጥሎ ኦዳሲቲ ላይ የጊዜ አቆጣጠሩን ሲዲዲኤ ፍሬም ወደሚለው፣ ባለ 75ቱ ላይ ቀየርን፤ ምልክት ስናደርግ ወደ ፍሬም ድንበር እንዲጠጋ የሚያደርገውንም አበራን። ከዚያ እያንዳንዱ ትራክ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ምልክት (ሌብል) አደረግን። የባለቤታቸው ድምፅ 12 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ ስለሚገባ አንዱ ምልክት እዚያ ነው። ሁሉንም በአንዴ ዌቭ አድርገን አወጣናቸው። መጋጠሚያ ላይ ድምፁን ቀስ እያደረገ የሚያጠፋ ኤፌክት አትጨምሩ።

በመጨረሻ ኢምግበርን በሚባለው ፕሮግራም ኪው ፋይል ፈጠርን። ኪው ፋይል ማለት ትራኮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉ የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ ነው። በመሃል ክፍተት ሳንጨምር፣ በዲስክ አት ዋንስ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ጻፍነው።

ላፕቶፓችሁ ላይ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ብቻ ካለ ኦፕሽን ገብታችሁ በርን የሚለውን ክፈቱ፤ ያለ ክፍተት ጻፍ የሚል ሳጥን አለ፣ ምልክት አድርጉበት። የትራኮችን ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ደግሞ አጥፉት፤ አለበለዚያ ድምፁ መጋጠሚያው ላይ በድንገት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ኔሮ የምትጠቀሙም የትራኮቹን ፖዝ ዜሮ አድርጋችሁ ዲስክ አት ዋንስን ምረጡ።

በሁሉም ላይ «ኦዲዮ ሲዲ» የሚለውን ምረጡ። ኤምፒ3 የተጫነበት ዳታ ሲዲ ከሆነ ከላይ ያልነው ሁሉ ከንቱ ነው፤ አሮጌ ማጫወቻ በየፋይሉ መሃል መቆሙ አይቀርም።

ሲዲ ቤት የምታስጭኑ ከሆነም ዝም ብላችሁ ፍላሽ አትስጡ። «ኦዲዮ ሲዲ፣ ዲስክ አት ዋንስ፣ ክፍተት ዜሮ» በሏቸው። ይህን ሳትሉ ካስጫናችሁ ክፍተቱን ቤት ገብታችሁ ነው የምትሰሙት።

ሁለት ማሳሰቢያ

አንደኛ፣ ቤት ውስጥ ራይት የተደረገ ሲዲ ዘላለማዊ አይደለም። ድምፁን የሚይዘው ቀለም ነው፣ ቀለሙን ደግሞ ፀሐይና ሙቀት ይጎዱታል። መስኮት ዳር አታስቀምጡት፣ ስቲከርም አትለጥፉበት። ሙሉውን ዌቭ ሳትቆርጡ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ላኩት።

ሁለተኛ፣ የቤተሰባችሁን ቀረጻ ማዳን አንድ ነገር ነው፣ የድምፃዊን አልበም አባዝቶ መሸጥ ሌላ። ሁለተኛውን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይከለክላል።

አዲሱን ሲዲ ይዘን ስንመለስ አያታችን አላመኑንም ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብለን መጋጠሚያዎቹን ቆጠርን። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ፣ ጭብጨባው አልቆመም። 12 ከ30 ላይ ባለቤታቸው አወጡ። አያታችን ሪሞቱን አስቀምጠው ከካሴቱ ጋር አብረው ተቀበሉ። ካሴቱ የተገለበጠበት ቦታ ላይ ስንደርስ «እሱን እኔ ነኝ የገለበጥኩት» አሉን።

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ አንጋጫ፣ ሾኔ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፦ ቁም ሳጥን ውስጥ የሠርግ፣ የመዝሙር፣ የያሆዴ ወይም የመሳላ ካሴት ያለው አለ? የሚቀጥለው መስቀል ሳይደርስ አውጥታችሁ ቅዱት፤ የካሴት ክር አይጠብቅም። የገጠማችሁን ችግር ኮሜንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እናየዋለን። አያት ላለው ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።