ፋብሪካው ሲቆም ደመወዙን ማን ይክፈል?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኮሮናን ለመከላከል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ የማስፈጸሚያ ደንቡ አሠሪዎች የሠራተኛ ቅነሳ እንዳያደርጉ ከለከለ። መንግሥት ሥራቸው ቆሞም ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶች ከሠራተኛው የሚቆረጠውን የሥራ ግብር ለ4 ወራት ማረላቸው፤ ብሔራዊ ባንክም ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። ሐሳቡ ቅን ነበር። ነገር ግን ዋናው ሸክም ያረፈው አሠሪው ላይ ነው። ገበያ ያለው አሠሪ ይሸከመው ይሆናል፤ ካዝናው ባዶ የሆነው ግን አታሰናብት ስለተባለ ብቻ ደመወዝ የሚከፍልበት ገንዘብ አያገኝም። የዚህ አካሄድ ጉድለት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ።

ኮምቦልቻ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በኋላም ቢራ ፋብሪካና የብረታ ብረት ሥራ ያላት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ ልብስ ለውጭ ገበያ የሚሰፉ ባለሀብቶችን አመጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወደቁ። በእነዚያው ቀናት፣ ጥቅምት 23፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ልታስወጣ መሆኑን አስታወቀች። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቢለቀቁም ፋብሪካዎቹ ተዘርፈው ነበር፤ ታኅሣሥ 23 ደግሞ ከቀረጥ ነፃ የአሜሪካ ገበያው ተዘጋ። በአንድ ወቅት ማሽንም ገበያም ያጣ አሠሪ ምን ተብሎ ይታዘዛል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ያዘጋጀው መንገድ አለ። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሥራን ሲያቋርጥ ውሉ እስከ 90 ቀን ሊታገድ ይችላል፤ በእገዳው ጊዜ ግን ደመወዝ የለም። ድርጅቱ ከተዘጋ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የአንድ ወር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በዚያ ላይ የሁለት ወር ደመወዝ ይከፈላል። አራት ዓመት የሠራች ልብስ ሰፊ በስሌቱ የአራት ወር ያህል ይደርሳታል። ከፋዩ ግን ያው የተዘረፈው አሠሪ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት በሀዋሳ ፓርክ የጀማሪዎች የወር ደመወዝ 26 ዶላር መሆኑን አሳይቷል። ልብስ ሰፊዋ ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ ከፍላ፣ ለገጠር ቤተሰቦቿ ልካ ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው የላትም። ስለዚህ አንድም ወደ ገጠር ትመለሳለች፣ አንድም እንደ ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ወደ ዓረብ አገር ታስባለች። ኪሳራው የእሷ ብቻ አይደለም። በስፌት መስመር አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ ቀጣይዋ ኮሌታ ታያይዛለች፤ የለመደ እጅ ከመሃል ከጎደለ መስመሩ በሙሉ ይጓተታል። ማሽኑ ተገዝቶ ቢመለስ እንኳ ሰፊዋ ከሄደች ፋብሪካው ሥልጠናውን ከሀ ይጀምራል።

ጀርመን በ2009 እ.ኤ.አ. ኢኮኖሚዋ በ5 በመቶ ገደማ ሲኮማተር ሠራተኛውን ከድርጅቱ ሳትነጥል የሥራ ሰዓቱን ቀነሰች። ከጎደለው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን የሥራ አጥነት መድኑ ሸፈነ። በከፋው ወር 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ ተደግፏል፤ ሥራ አጥነቱም እንደተፈራው አልናረም።

እኛ ድሃ ነን፣ ይህን በምን አቅማችን የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው ያነሳው። ነገር ግን ከግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ በየወሩ ይሰበሰባል፤ መዝገቡም መንገዱም አለ። በዚያ ላይ የደመወዝ 1 በመቶ ብቻ ቢጨመር፣ የአንድ ዓመቱ መዋጮ ከ100 ሠራተኞች ስምንቱን ለሦስት ወር በግማሽ ደመወዝ ያቆያል። በደህናው ዓመት ይጠራቀማል፤ አደጋ ደግሞ አገሩን ሁሉ በአንድ ቀን አይመታምና ኮምቦልቻ ስትጎዳ የአዳማና የሀዋሳ መዋጮ ይደርስላታል። አሠሪዎች ያጭበረብሩበታል የሚለውም ስጋት እውነት አለው። ክፍያው በአሠሪው በኩል ሳያልፍ በሠራተኛዋ የባንክ ሒሳብ ከገባ፣ ከ90 ቀንም ካላለፈ፣ ቀዳዳው ይጠባል፤ የሞተ ፋብሪካ ማስታመሚያም አይሆንም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ አብዛኛው ሰው የደመወዝ መዝገብ ላይ የለም። የደሴ የቀን ሠራተኛና የጉልት ነጋዴ ጡረታ አይቆረጥባቸውም። ለእነሱ መነሻ የሚሆነው የከተማ ሴፍቲኔት ነው፤ ደሴ ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ጽዳትና አረንጓዴ ልማት እየሠሩ ደመወዝ የሚያገኙበትን ይህን መዝገብ በችግር ጊዜ ለአጭር ወራት ማስፋት ይቻላል። የሴፍቲኔቱ ምርጫ ግን በቀበሌ የታወቀውን የቆየ ድሃ ነዋሪ ይመለከታል፤ ትናንት ደመወዝተኛ የነበረችው፣ ከገጠር መጥታ ቤት የተከራየችው ልብስ ሰፊ ከዚያም ትቀራለች። የመዋጮው ፈንድ መጀመሪያ ሊደርስላት የሚገባው እሷን ነው፤ ሕጉም መሻሻል ያለበት እገዳ ደመወዝ አልባ ነው በሚለው አንቀጽ ላይ ነው።