የሞተር ዘይት ቡሎን ሮንዴላ፦ በትንሽ ቀለበት የሚወርድ የቡና ዋጋ

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዋጋ ሳይሆን ዋጋ ስለሚያወርድ ነገር ነው። የቡና መሰብሰቢያው ጊዜ ሳይደርስ እንነጋገርበት ብለን ነው።

ከሺሺንዳ ዙሪያ ቀበሌዎች፣ መኪና በማይገባበት መንገድ፣ እሸቱም ጀንፈሉም ብዙ ጊዜ የሚወጣው በሞተር ሳይክል ነው። ከሞተሩ ሆድ ሥር የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን አለ። ቡሎኑና የሞተሩ አካል በሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ አንዲት የብረት ሮንዴላ ትቀመጣለች። እሷ ካልያዘች ዘይት ይንጠባጠባል።

ጉዳቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ኢንጂኑ ላይ ነው። ትንንሾቹ ሞተሮች የሚይዙት 1 ሊትር ገደማ ዘይት ነው። በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ ቢፈስ በሰዓት 360 ጠብታ፣ ማለትም ወደ 18 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በቀን 5 ሰዓት የሚነዳ ሰው በ6 ቀን ውስጥ ከግማሽ በላይ ዘይቱን አጣ ማለት ነው። ኢንጂን የሚነክሰው እንዲህ ነው፤ ያውም ቀይ ፍሬ ዛፍ ላይ ሆኖ ለቀማ በተያዘበት ሰሞን።

ሁለተኛው ቡናው ላይ ነው። ቡና ሽታ ይስባል። የዘይት ወይም የቤንዚን ሽታ አንዴ ከገባበት ማጠብም መቀሸርም አያወጣውም። ቦንጋ ምርት ገበያ መጋዘን ናሙና ሲወሰድ ባዕድ ሽታ ይታያል፣ በቅምሻም ይወጣል። አንድ የተበከለ ጆንያ ከሌላው ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ ሙሉው ጭነት ደረጃው ይወርዳል። የላኪው ገዢ ውጭ አገር ሆኖ ቢቀምሰውም ያው ነው።

ታዲያ የትኛውን ሮንዴላ እንምረጥ?

1. አሉሚኒየም። ለስላሳ ነው፤ ቡሎኑ ሲጠብቅ ይጨፈለቅና በሁለቱ ገጾች ላይ ያለውን ጭረት ይሞላል። ሳይበዛ በተጠበቀ ቡሎን ስለሚይዝ ለኢንጂኑ አካልም ደግ ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ አሮጌው የድሮውን ጭረት ይዞ ደርቋል።

2. መዳብ። ጠንከር ያለ ነው። ከተጨፈለቀ በኋላ ይደርቃል፤ ግን እሳት ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ጥቁሩን ጠርጎ መልሶ ማለስለስ ይቻላል። አሉሚኒየምን እንዲህ ልሞክር የሚል ሰው እንዳይሳሳት፤ ቀይ ሳይሆን በፊት 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጥበታል።

3. ታጥፎ የተሠራ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ሮንዴላ። ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ይቀራል። መልሶ ማሰር ትርፉ ዘይት መድፋት ነው።

4. ውስጡ የጎማ ከንፈር ያለው። ትክክለኛ ልኩ ከተገኘ በትንሽ ጉልበት ጥሩ ይይዛል። ጎማው ዘይትና ሙቀት የሚችል መሆን አለበት፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ይጣላል።

5. የሱቅ ተራ የብረት ሮንዴላ። ይህን ተዉት። ከኢንጂኑ አካል ይጠነክራል፤ ራሱ አይጨፈለቅም፣ የሚቀመጥበትን ገጽ ይጭራል።

በአጭሩ፦ ፋብሪካው የገጠመው ዓይነት ይቅደም። እሱ ከጠፋ አዲስ አሉሚኒየም፣ እሱም ከሌለ የለሰለሰ መዳብ።

ልክ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 17 ቁልፍ ይገባዋል ማለት 17 ሮንዴላ ይፈልጋል ማለት አይደለም። 17 የቡሎኑ ራስ ነው፤ ጥርሱ ብዙ ጊዜ 12 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሮንዴላው የሚለካው በጥርሱ ነው። ቀዳዳው ቡሎኑን ያለ መላወስ ማሳለፍ አለበት፤ ዳርቻው ደግሞ ከቡሎኑ ራስ ሥር መውጣት የለበትም። የሚሻለው አሮጌውንና ቡሎኑን ይዞ ሱቅ መሄድ ነው። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ወንፊትና ሞላ ያለው ሰፊ ክዳን አለ፤ እሱ የሚታሸገው በጎማ ቀለበት ስለሆነ የብረት ሮንዴላ አይጨመርበትም።

የሚፈስን ቡሎን በጉልበት ማጥበቅ መድኃኒት አይደለም። የኢንጂኑ አካል አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት፤ ረዥም ቧንቧ ቁልፉ ላይ አስገብተህ ከጫንከው የሚበላው የኢንጂኑ ፊሌቶ ነው። በሮንዴላ ዋጋ የሚያልቀው ነገር ጋራዥ ያስገባል። መጀመሪያ በጣት አስገባ፣ ገጹን በጨርቅ ጥረግ፣ አሮጌው ሮንዴላ እዚያው ተጣብቆ እንዳልቀረ እይ፣ ከዚያ በአጭር ቁልፍ አጥብቅ። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች የሚፈልጉት ከ20 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ የሞተሩ መጽሐፍ ካለ እሱ ይቅደም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሮንዴላውን ከመክሰሳችሁ በፊት ሆዱን ጠርጋችሁ ጥቂት ንዱና እዩ። ከላይ፣ ከካቴና ጥርሱ ወይም ከማርሽ ዘንጉ የሚወርድ ዘይትም ቡሎኑ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ያን ጊዜ ችግሩ የጎማ ሲል ነው።

ለዩኒየኖችና ለአቅራቢዎች ሐሳባችን ይህ ነው፦ ለሰብሳቢዎቻችሁ ዘይት ስትገዙ በየጣሳው ልክ አንድ አዲስ ሮንዴላ ጨምሩ። መጋዘን በር ላይ ጆንያ ስትቀበሉ ሥሩን እዩ፣ አሽትቱ፤ የሸተተውን ለብቻ አስቀምጡ። ቤንዚን ጀሪካንና ቡና በአንድ ጭነት አይሂዱ። የተቀየረው ዘይትም ማድረቂያ አልጋ ሥር ወይም የማጠቢያው ውሃ ወደሚቀዳበት ወንዝ አይደፋ። ተጠንቅቆ የተለቀመን ቡና ዋጋ መንገድ ላይ አንጣው።

መልካም ገበያ።