ለቤት የሚሆን የሚዲ ኪቦርድ እንዴት ይመረጣል?

የሚዲ ኪቦርድ ብቻውን ድምፅ እንደማያወጣ ሳያውቁ የሚገዙ ብዙ ናቸው። ቁልፉን ሲጫኑ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው መልእክት ብቻ ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተመታ፣ ምን ያህል እንደጠነከረ፣ መቼ እንደተለቀቀ ይናገራል። ድምፁ የሚወጣው ከሙዚቃ ማቀናበሪያው ፕሮግራም ነው። ሚዲ ማለት ይህ የመሣሪያዎች መግባቢያ ሲሆን፣ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኩባንያዎች በጋራ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ኪቦርዱ የአንዱ፣ ፕሮግራሙ የሌላው ቢሆን ችግር የለም።

ስንት ቁልፍ ይበቃል? ባለ 25ቱ ሁለት ኦክታቭ ብቻ ነው፤ ኦክታቭ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው። በሁለት እጅ ለሚጫወት ይጠባል። በጣት የሚመታ ፓድና መዞሪያ ስለሚደረደርበትም ዋጋው ከቀላል ባለ 49 እምብዛም አይርቅም፤ ሁለቱም ውጭ አገር 100 ዶላር አካባቢ ናቸው። እኔ ባለ 49ኙን እመርጣለሁ። መዞሪያውን በማውስም ይተኩታል፤ የጎደለን ቁልፍ ግን በምንም አይተኩትም። ፒያኖ ለሚማር ደግሞ ባለ 88ቱ ይሻለዋል።

የአገራችንን ቅኝቶች የሚጫወቱ ከሆነ ፒች ዊሉን በደንብ ይዩት። በግራ በኩል ያለ፣ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንሸራትት ጎማ ነው። የማሲንቆና የዋሽንት ዓይነት ዜማ ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ ስለሚሄድ፣ ያለ እሱ ደረቅ ይሆናል። በጎማው ፈንታ ጆይስቲክ ወይም የሚዳሰስ መስመር ያላቸውም አሉ፤ ለእንዲህ ያለው ጨዋታ ጎማው ለእጅ ይመቻል።

ሌላስ ምን ልግዛ? ድምፁን አርዝሞ የሚይዝ ፔዳል ከ15 እስከ 30 ዶላር ያወጣል። ሲረግጡት የሚያቋርጥ፣ ሲለቁት የሚይዝ ከሆነ አልተበላሸም። ኪቦርዱን ያጥፉ፣ ፔዳሉን ይሰኩ፣ እግርዎን አንሥተው እንደገና ያብሩ። ማይክሮፎን የሚሰካበት ሳውንድ ካርድ ድምፃዊ ካልቀዱ ለጊዜው ይቆይ። አብዛኞቹ ኪቦርዶች ኃይል የሚያገኙት በዩኤስቢ ገመድ ስለሆነ፣ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ይሠራሉ።

ድምፁ ዘግይቶ ቢመጣስ? ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኪቦርዱ አይደለም። በፕሮግራሙ ውስጥ በፈር የሚባለውን፣ ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያጠራቅምበትን መጠን፣ ከ512 ወደ 128 ዝቅ ያድርጉት። ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ ወደ 256 ይመልሱት።

ያገለገለ ሲገዙ ላፕቶፕዎን ይዘው ይሂዱ። እያንዳንዱን ቁልፍ አንዴ በቀስታ፣ አንዴ በኃይል ይምቱ። በፕሮግራሙ ላይ የሚታየው የምት ጥንካሬ ቁጥር ከ1 እስከ 127 አብሮ ካልተለዋወጠ፣ የዚያ ቁልፍ ሴንሰር ተበላሽቷል፤ ይተውት።