ሥር እስኪሰድ

ግንቦት ላይ በቶሮንቶ ሰፈሮች የሚዞር ሰው እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ሣር የጫኑ መኪኖች ያጋጥሙታል። የከተማው ሰው ሶድ ይለዋል። ከከተማው ውጭ ባሉ እርሻዎች ተዘርቶ፣ ከአንድ ዓመት በላይ እየታጨደና እየጠጣ ያደገ ሣር ነው። ሲደርስ ማሽን ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ አፈር አስይዞ ይቀርፈውና ይጠቀልለዋል። ጠዋት ጭቃ የነበረ ደጅ አመሻሹ ላይ ለምለም መስክ ይሆናል። ያ ለምለም ሣር ግን መሬቱ ላይ ተቀመጠ እንጂ ገና አልተተከለም። መትከሉን የሚጨርሰው ውሃ ነው።

ሣሩ ሲቀረፍ አብዛኛው ሥሩ እርሻው ውስጥ ይቀራል። ቅጠሉ ግን አልተነካም፤ ፀሐይና ነፋስ ባገኘው ቁጥር እርጥበቱ ይተናል፣ የሄደውን የሚተካበት በቂ ሥር ደግሞ የለውም። ባለቤቱ የሚያጠጣው አዲስ ሥር እስኪወጣ ድረስ ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ተጠቅልሎ ተደራርቦ ሳለም ሕይወት ያለው ነገር ነውና ውስጥ ውስጡን ይሞቃል። ስለዚህ በሙቀት ወራት በተቆረጠ በአንድ ቀን ውስጥ ቢነጠፍ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ የቆየ ጥቅል ሲፈታ ቢጫ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በሶድነት የሚሸጠው በአብዛኛው ኬንታኪ ብሉግራስ የሚባለው ዝርያ ነው። ስሙ የአሜሪካ ይሁን እንጂ ትውልዱ አውሮፓና እስያ ነው። እኛ አገር የምናውቀው ሰርዶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ማንም ሳያጠጣው መንገድ ዳር ይንሰራፋል፣ የቶሮንቶን የጥር ብርድ ግን አይችለውም። ብሉግራስ በረዶ ሥር ከርሞ ሚያዝያ ላይ ያቆጠቁጣል። እሱም ከአፈር በታች በሚሳብ ግንድ ይስፋፋል፤ የተጎዳ ቦታ የሚሞላው፣ በነሐሴ ድርቅ ቡናማ ሆኖ ከከረመ በኋላም ዝናብ ሲያገኝ የሚያገግመው በዚሁ ነው። አዲስ የተነጠፈው ግን ይህን አቅም ገና አላዳበረም። የጎረቤት የቆየ ሣር ሳይጠጣ ከረመ ብሎ የራስን አዲስ ሣር ማስጠማት ገንዘብንም ድካምንም መጣል ነው።

የመጀመሪያው ማጠጣት ሁሉም ተነጥፎ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ደጁ ሰፊ ከሆነ አንዱ ወገን ሲነጠፍ የተነጠፈው ወዲያው ይጠጣል፤ በሞቃት ቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ ብዙ ነው። ሣሩ መራሱ ብቻ አይበቃም፤ ከሥሩ ያለው መሬት እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መርጠብ አለበት። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ጥጉን ገለጥ አድርጎ አፈሩን በጣት መንካት። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ላዩ ሲያብረቀርቅ በቃው ብሎ የውሃ ጎማውን ይዘጋል፤ ከታች ያለው አፈር ግን እንደ ደረቀ ነው፣ ሥርም ወደ ደረቅ አፈር አይወርድም።

በቶሮንቶ አካባቢ ብዙው መሬት ሸክላ አፈር መሆኑ ነገሩን ያከብደዋል። በአዳዲስ መንደሮች ደግሞ የግንባታ ማሽኖች ስለሚረግጡት ይጠጥራል። እንዲህ ያለ መሬት ብዙ ውሃ ባንዴ አይቀበልም፤ ትርፉ ወደ መንገድ ይወርዳል። መፍትሔው ትንሽ አጠጥቶ ማቆም፣ እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ከዚያ መድገም ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ሙቀቱ ሲበረታ በቀን ሁለቴ ይጠጣል። ከሁሉ በፊት የሚደርቀው ጠርዙ ነው፤ በተለይ በእግረኛ መንገድና በኮንክሪት ዳር ያለው። ውሃ ያነሰው ሶድ ይኮማተርና በመጋጠሚያው ላይ ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ይሄዳል፣ የረገጡበት ዱካም ቶሎ አይነሳም። ስፕሪንክለር የሚባለው ውሃ መርጫ ጥጉን ስለማይደርስበት ጠርዙን በእጅ በጎማ ማጠጣት ያስፈልጋል። ጎህ ሲቀድ ማጠጣት ከሁሉ ይሻላል፤ በቀትር ብዙው በትነት ይጠፋል፣ ማታ ሲሆን ቅጠሉ ረጥቦ ያድርና ለፈንገስ ይጋለጣል።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ጥጉን ይዞ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። አልላቀቅም ካለ ሥር ይዟል። ከዚህ በኋላ በየቀኑ ማጠጣት ደግነት አይደለም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያገኝ ሣር ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀራል፤ የመጀመሪያው የሙቀት ሳምንት ሲመጣ ያ ሥር የሚስበው አያገኝም። ስለዚህ ቀኑን ማራራቅ፣ ውሃውን ማጥለቅ ይገባል፤ ውሎ አድሮ ዝናቡን ጨምሮ በሳምንት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ስፕሪንክለሩ ከሚደርስበት ቦታ ካስቀመጡ የገባውን መጠን ያሳያል። ይህ ልክ በአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ነው፤ 40 ካሬ ሜትር ላለው ደጅ በሳምንት 1,000 ሊትር መሆኑ ነው።

ይህ ውሃ የሚጠጣ ውሃ ነው። ቶሮንቶ ከኦንታሪዮ ሐይቅ ስባ በአራት ማጣሪያዎች ታጣራለች፤ ከእነዚህ አንዱ፣ በኩዊን ጎዳና ምሥራቃዊ ጫፍ ሐይቁ ዳር የቆመው አር ሲ ሃሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ሥራ ጀምሯል። ለመጠጥ የተጣራን ውሃ ሥር ለማስያዝ ማዋል ተገቢ ነው፤ ወደ አስፋልት ማፍሰስ ግን ያሳዝናል።

ሣሩን በደንብ የማስነሳት ሌላም ምክንያት አለ። ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 22 ቀን 2009 ጀምሮ ለግቢ ማሳመሪያ የሚውሉ ተባይና አረም ማጥፊያ ኬሚካሎችን ከልክላለች። የሳሳ ሣር ላይ ዳንዴላየን የሚባለው አረም ሲበቅል እንደ ድሮው መድኃኒት መርጨት የለም። ለሕፃናቱም ለውሃውም መልካም ሕግ ነው፤ አረሙን በዋናነት የሚከለክለው ግን ጥቅጥቅ ያለ ሣር ይሆናል።

መቼ ይነጠፍ ለሚል ሰው፣ የእኛ አዲስ ዓመት የሚገባበትን ሰሞን እመርጣለሁ። በመስከረም መሬቱ ገና ሞቅ እንዳለ ነው፣ አየሩ ግን ቀዝቅዟል፤ ሥር በርትቶ ያድጋል፣ የሚተነው ውሃም ያንሳል። በሐምሌ ሙቀት የተነጠፈ በቀን ሁለቴ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ ሥራ ውሎ ማታ የሚገባ ቤተሰብ አይችለውም።

ሥር ከያዘ በኋላ የመጀመሪያው አጨዳ ይከተላል። ማጨጃው ክብደት ስላለው አፈሩ አንድ ሁለት ቀን ጠፈፍ እንዲል ይደረጋል፤ ምላጩ ስለት ይኑረው፣ ከቁመቱም ከሲሶ በላይ አይቆረጥ። ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቢተው ቅጠሉ አፈሩን ያጠላለታል። ውርጭ ከመግባቱ በፊት ጎማው ይነቀላል፤ የውጭው ቧንቧ ከቤት ውስጥ ተዘግቶ የቀረው ውሃ እንዲፈስ ክፍት ይተዋል።