የኩባንያ ግዢ ጭምጭምታ

የኩባንያ ግዢ ጭምጭምታ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበን አንድ ኩባንያ ሌላ ኩባንያ ወይም ባለሀብት ጠቅልሎ ሊገዛው ነው የሚል፣ ገና በይፋ ያልተረጋገጠ ወሬ ነው። ወሬው ሲሰማ የአክሲዮኑ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል። ብዙ አነስተኛ ባለሀብቶችም ግዢው ከመታወጁ በፊት አክሲዮኑን ገዝተው ትርፍ ለማግኘት ይሞክራሉ። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ ማይክሮሶፍት በ2008 ያሁን ለመግዛት ያደረገው ሙከራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ዋጋው የሚጨምርበት ምክንያት

አንድን ኩባንያ ጠቅልሎ መግዛት የሚፈልግ ወገን አክሲዮኖቹን ከብዙ ሺህ ባለቤቶች እጅ መሰብሰብ አለበት። በገበያው ዋጋ መሸጥ የፈለገ ሰው ቀድሞ ሸጦ ወጥቷል፤ የቀሩትን እንዲሸጡ የሚያባብላቸው ተጨማሪ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ገዢው ከገበያው ዋጋ በላይ ጭማሪ ያቀርባል። ጭማሪው ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 በመቶ ይደርሳል፤ ከዚያ የሚበልጥበት ጊዜም አለ።

አነስተኛውን ባለሀብት የሚስበው ጭማሪው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ በቀጥታ ለባለአክሲዮኖች በይፋ የሚቀርብ የግዢ ጥያቄ ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት፤ ለአንዱ የተከፈለው ከፍተኛ ዋጋ ለሌሎቹም ይከፈላል። ጥያቄው ቢያንስ ለ20 የሥራ ቀናት ክፍት ሆኖ ይቆያል። 50 አክሲዮን ያለው ጡረተኛ በአንድ አክሲዮን የሚያገኘው ዋጋ 5 ሚሊዮን አክሲዮን ካለው ትልቅ ፈንድ ጋር እኩል ነው። በአክሲዮን ገበያ ትንሹና ትልቁ እንዲህ በእኩል ዓይን የሚታዩበት አጋጣሚ ብዙ አይደለም።

ችግሩ ያለው ጥያቄው ከመቅረቡ በፊትና ቀርቦ ውሳኔ እስኪያገኝ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ በሁለት ዋጋዎች መካከል ይቆማል። አንደኛው ግዢው ከተፈጸመ የሚከፈለው ነው፤ ሁለተኛው ግዢው ከከሸፈ አክሲዮኑ የሚወድቅበት ነው። ዋጋው ወደ ላይኛው በተጠጋ ቁጥር ገበያው ግዢው ይፈጸማል ብሎ ያምናል ማለት ነው። ነገር ግን በተጠጋ ቁጥር አዲስ ለሚገባ ሰው የሚቀረው ትርፍ ያንሳል፤ ሊወድቅ የሚችልበት ርቀት ደግሞ ይረዝማል። ዘግይቶ የሚገባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወሬውን ከዜና የሚሰማው አነስተኛ ባለሀብት ነው።

የያሁ ባለአክሲዮኖች

ያሁ በ1990ዎቹ ከኢንተርኔት ቀዳሚ ኩባንያዎች አንዱ ነበር። በ2007 ግን በፍለጋና በማስታወቂያ ገበያ ጉግል በሰፊው ቀድሞት ነበር። ሜይ 4 ቀን 2007 ኒውዮርክ ፖስት ጋዜጣ ማይክሮሶፍት ያሁን መግዛት እንደሚፈልግ ዘገበ። በዚያ ቀን አክሲዮኑ 10 በመቶ ገደማ ጨምሮ ወደ 31 ዶላር ተጠጋ። ከዘገባው በኋላ ግን በይፋ የቀረበ ጥያቄ አልነበረም፤ ዋጋውም ከፍና ዝቅ ሲል ቆይቶ ጃንዋሪ 31 ቀን 2008 በ19.18 ዶላር ተዘጋ።

በማግስቱ ፌብሩዋሪ 1 ቀን ማይክሮሶፍት ያሁን በአንድ አክሲዮን በ31 ዶላር፣ በጠቅላላው በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ጥያቄ ማቅረቡን አስታወቀ። ጭማሪው 62 በመቶ ነበር። ወሬው እውነት ሆነ። ይሁን እንጂ ከዘጠኝ ወር በፊት በወሬው ቀን በ31 ዶላር ግድም የገዛ ሰው በትዕግሥት ጠብቆ የቀረበለት ያው የራሱ ገንዘብ ነበር። ወሬው ልክ መሆኑ ብቻውን አላተረፈውም።

ጥያቄው በታወጀበት ቀን አክሲዮኑ 48 በመቶ ጨምሮ በ28.38 ዶላር ተዘጋ። በዚህ ዋጋ የገባ ሰው ስሌት ቀላል ነው። ግዢው በ31 ዶላር ቢፈጸም በአንድ አክሲዮን 2.62 ዶላር ያተርፋል፤ ከሽፎ ዋጋው ወደ ነበረበት ቢመለስ 9.20 ዶላር ይከስራል። ሊያጣ የሚችለው ሊያገኝ ከሚችለው ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። እንዲህ ያለው ግዢ የሚያዋጣው ግዢው የመፈጸም ዕድሉ ከ78 በመቶ በላይ ከሆነ ብቻ ነው። በመቶ አክሲዮን ሲሰላ 262 ዶላር ለማትረፍ 920 ዶላር ማስያዝ ማለት ነው።

ዋጋው 31 ዶላር ያልደረሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ግማሹ ክፍያ በማይክሮሶፍት አክሲዮን ይፈጸም ስለነበር የማይክሮሶፍት አክሲዮን በዚያ ቀን ከ6 በመቶ በላይ ሲወድቅ የጥያቄው እውነተኛ ዋጋም አብሮ ቀነሰ። የአሜሪካና የአውሮፓ የውድድር ተቆጣጣሪዎች ፈቃድም ያስፈልግ ነበር። ከሁሉም በላይ የያሁ የዳይሬክተሮች ቦርድ ምን እንደሚል አይታወቅም ነበር። ቦርዱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ጥያቄው ኩባንያውን አሳንሶ ይገምታል ብሎ ውድቅ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለባለአክሲዮኖች ከባድ ነበሩ። እምቢታው የድርድር ዘዴ ከሆነ ጠብቆ የተሻለ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፤ የምር ከሆነ ደግሞ በ28 ዶላር ሸጦ መውጣት ይሻላል። የማይክሮሶፍት ዋና ሥራ አስኪያጅ ስቲቭ ባልመር ኤፕሪል 5 ቀን በጻፉት ደብዳቤ ለቦርዱ የሦስት ሳምንት ጊዜ ሰጡ። ቀኑ አለፈ። በመጨረሻው ድርድር ማይክሮሶፍት ዋጋውን ወደ 33 ዶላር ከፍ አደረገ፤ በጄሪ ያንግ የሚመራው ያሁ 37 ዶላር ጠየቀ። ሜይ 3 ቀን ማይክሮሶፍት ጥያቄውን አነሳ።

ሜይ 3 ቀን 2008 ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ገበያው የተዘጋው በ28.67 ዶላር ነው፤ ሰኞ ዕለት አክሲዮኑ 15 በመቶ ወድቆ በ24.37 ዶላር ተዘጋ። በመካከሉ መሸጥ አይቻልም ነበር። ብዙ አነስተኛ ባለሀብቶች ለደላላቸው «ዋጋው ከዚህ ከወረደ ሽጥልኝ» የሚል ትእዛዝ አስቀድመው በመስጠት ራሳቸውን የጠበቁ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ግን ገበያው ሲከፈት በሚገኘው ዋጋ እንጂ በተጻፈው ዋጋ አይፈጸምም። የግዢ ዜና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ገበያው በተዘጋበት ሰዓት ነው።

ባለሀብቱ ካርል አይካን ከዚያ በኋላ ብዙ የያሁ አክሲዮን ገዝተው ቦርዱን ለመቀየር ተነሡ። ጁላይ 21 ቀን በተደረገ ስምምነት ለራሳቸውና ለሌሎች ሁለት ሰዎች የቦርድ መቀመጫ አገኙ። ማይክሮሶፍት ግን ኩባንያውን ጠቅልሎ ለመግዛት አልተመለሰም። በፋይናንስ ቀውሱ ወቅት፣ በኖቬምበር 2008፣ የያሁ አክሲዮን ከ10 ዶላር በታች ወረደ። የ33 ዶላሩ ዋጋ በገበያው ላይ እንደገና የታየው በ2013 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ለዚህም ትልቁ ምክንያት ያሁ በቻይናው አሊባባ ውስጥ የነበረው ድርሻ እንጂ የራሱ ሥራ አልነበረም። ዋናው የኢንተርኔት ሥራው በ2017 ለቬራይዘን በ4.48 ቢሊዮን ዶላር ግድም ተሸጠ።

ጭምጭምታ ምን ያህል እውነት ይሆናል

ከነት አኸርን እና ዴኒስ ሶስዩራ በ2015 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ጋዜጦች የወጡ የኩባንያ ውህደትና ግዢ ጭምጭምታዎችን መርምረዋል። እውነት ሆነው የተገኙት 33 በመቶ ናቸው። በወሬው ቀን የኩባንያው አክሲዮን በአማካይ 4.3 በመቶ ይጨምራል፤ በቀጣዮቹ ቀናት ከጭማሪው የተወሰነው ይመለሳል። ይህም ገበያው በወሬው ቀን ከሚገባው በላይ እንደሚጓጓ ያሳያል። ሕዝብ በደንብ የሚያውቃቸው ታላላቅ ኩባንያዎች ብዙ ይወራባቸዋል፤ የሚወራባቸው ግን እውነት የመሆን ዕድሉ ያነሰ ነው። አነስተኛ ባለሀብት በብዛት የሚገዛው ስሙን የሚያውቀውን ኩባንያ ስለሆነ ይህ ግኝት በቀጥታ እርሱን ይመለከታል።

በሌላ በኩል እውነተኛ ግዢ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይሸታል። አርተር ኪውን እና ጆን ፒንከርተን በ1981 ባወጡት ጥናት በግዢ ምክንያት ከሚመጣው የዋጋ ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ከመታወጁ በፊት እንደሚታይ አሳይተዋል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ የውስጥ መረጃ ባላቸው ሰዎች፣ ምን ያህሉ በጤናማ ግምት እንደመጣ መለየት አስቸጋሪ ነው። ለአነስተኛው ባለሀብት ልዩነቱ ብዙም አይጠቅመውም፤ በሁለቱም መንገድ ወሬው እጁ ሲገባ ግማሹ መንገድ ተሄዷል።

ጭምጭምታን የሚከታተሉ ሰዎች የሚፈልጓቸው ምልክቶች አሉ፤ ያልተለመደ የግብይት ብዛት፣ የዘገየ የሂሳብ መግለጫ፣ ድንገት የለቀቀ ሥራ አስኪያጅ፣ አምስት በመቶ ድርሻ ገዝቶ በሕጉ መሠረት ራሱን ያስመዘገበ ባለሀብት። ከእነዚህ ጠንካራው የመጨረሻው ነው፤ የተረጋገጠ ሰነድ ነውና። የሌሎቹ ችግር ሁሉም በሁለት በኩል መተርጎም መቻላቸው ነው። የኩባንያው ዝምታ «እየተደራደሩ ነው» ይባላል፤ ማስተባበያውም «መደበቃቸው ነው» ይባላል፤ ዋጋው ሲወርድ ትልልቆቹ በርካሽ ለመሰብሰብ አውቀው እያወረዱት ነው ይባላል። በዚህ ጊዜ ባለአክሲዮኑ «ላም አለኝ በሰማይ» ከሚለው ሰው አይለይም። በወረደው ዋጋ ጨምሮ ከገዛ ደግሞ ቁጠባው ሁሉ በአንድ ወሬ ላይ ይንጠለጠላል።

ኩባንያዎች ዝም የሚሉበት ምክንያት

ለዚህ ዝምታ ሕጋዊ መነሻ አለው። ቤዚክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1977 እና በ1978 ከኮምበስሽን ኢንጂነሪንግ ጋር ስለ ውህደት እየተነጋገረ ሳለ፣ ድርድር የለም ብሎ ሦስት ጊዜ በይፋ አስተባበለ። በዲሴምበር 1978 ግን ኮምበስሽን በአንድ አክሲዮን በ46 ዶላር እንዲገዛው መስማማቱን አሳወቀ። ማስተባበያውን አምነው ቀደም ብለው በርካሽ የሸጡ ባለአክሲዮኖች ከሰሱ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በሰጠው ውሳኔ በድርድር ላይ ያለ ውህደት ለባለሀብት ጠቃሚ መረጃ መሆን አለመሆኑ የሚለካው በመፈጸም ዕድሉና በክብደቱ ነው አለ። ኩባንያ የመናገር ግዴታ ከሌለበት ዝም ማለት ይችላል፤ ከተናገረ ግን ማሳሳት አይችልም። ከዚያ ወዲህ ወሬ ሲነሳ የአሜሪካ ኩባንያዎች የተለመደ መልስ «አስተያየት አንሰጥም» ነው። ኩባንያዎቹ ድርድር በሌለበት ጊዜም ይህንኑ መልስ ስለሚሰጡ ከመልሱ የሚነበብ ነገር የለም።

የብሪታንያ የጊዜ ገደብ

ብሪታንያ ሌላ መንገድ ተከትላለች። የአሜሪካው የምግብ ኩባንያ ክራፍት በሴፕቴምበር 2009 የቸኮሌት አምራቹን ካድበሪን በአንድ አክሲዮን በ745 ፔንስ ሊገዛ እንደሚፈልግ ሲያስታውቅ፣ 568 ፔንስ የነበረው አክሲዮን በአንድ ቀን ከ780 ፔንስ በላይ ወጣ። ዋጋው ከጥያቄው በላይ መውጣቱ ገበያው የተሻለ ጥያቄ እንደሚጠብቅ ያሳያል። ግምቱም ትክክል ሆነ፤ በጃንዋሪ 2010 ስምምነት የተደረሰው በ840 ፔንስና በተጨማሪ 10 ፔንስ የትርፍ ክፍያ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ከነባሮቹ ባለአክሲዮኖች ብዙዎቹ ሸጠው ወጥተው፣ ከአክሲዮኖቹ ትልቅ ክፍል ግዢው ይፈጸማል ብለው በተወራረዱ ሄጅ ፈንዶች እጅ ገብቶ ነበር።

ግዢው በአገሪቱ ትልቅ ክርክር ካስነሣ በኋላ ደንቡ በሴፕቴምበር 2011 ተሻሻለ። አሁን ሊገዛ ይችላል ተብሎ ስሙ በይፋ የወጣ ወገን በ28 ቀናት ውስጥ ወይ ቁርጥ ያለ ጥያቄ ማቅረብ ወይ እንደማይገዛ ማሳወቅ አለበት። አልገዛም ካለ፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ለስድስት ወር መመለስ አይችልም። የኩባንያው ቦርድ ከጠየቀ የ28 ቀኑ ገደብ ሊራዘም ይችላል፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ይራዘማል።

በአሜሪካ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። የያሁ ባለአክሲዮኖች ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ሜይ 3 ለሦስት ወር በጥርጣሬ የቆዩት፣ የጊዜ ገደቡንም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሳይሆን ራሱ ማይክሮሶፍት በደብዳቤ የሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።