የአነስተኛ ነጋዴው ሽያጭና የግምት ግብር፦ የቆየ ጥያቄ፣ አዲስ ሕግ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም ባሉት ሰፈሮች ኑሯቸውን በሸቀጣሸቀጥ ሱቅ፣ በፀጉር ቤት፣ በጋራዥና በእህል ወፍጮ የመሠረቱ ነጋዴዎች ከግብር ሰብሳቢው ጋር የሚገቡበት ክርክር ከግብሩ ምጣኔ ይልቅ የሽያጩን መጠን የሚመለከት ሆኖ ቆይቷል። የሂሳብ መዝገብ ያልያዘ ነጋዴ በዓመቱ ውስጥ ምን ያህል እንደሸጠ ማስረጃ ሊያቀርብ አይችልም፤ ግብር ሰብሳቢውም ነጋዴው የነገረውን ብቻ ይዞ ግብር ሊወስን አይፈልግም፤ በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው ደግሞ ግምት ነው።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286/1994 ግብር ከፋዮችን በዓመታዊ ሽያጫቸው ልክ በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ ሽያጩ እስከ 100,000 ብር የሆነውን ነጋዴ ደረጃ «ሐ»፣ እስከ 500,000 ብር የሆነውን ደረጃ «ለ»፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደረጃ «ሀ» ብሎ ሰይሞ ነበር። ደረጃ «ሀ» የተሟላ የሂሳብ መዝገብ፣ ደረጃ «ለ» ቀለል ያለ መዝገብ እንዲይዙ ሲገደዱ፣ ደረጃ «ሐ» መዝገብ የመያዝ ግዴታ ሳይኖርበት በግምት የተወሰነለትን ይከፍል ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 979/2008 የደረጃ «ሐ»ን ጣሪያ ወደ 500,000፣ የደረጃ «ለ»ን ደግሞ ወደ 1 ሚሊዮን ብር ከፍ አደረገው። የደረጃ «ሐ» መክፈያ ወር ሐምሌ በመሆኑ፣ ክረምቱ ገበያውን በሚያቀዘቅዝበትና ወላጆች ለመስከረም የትምህርት ወጪ በሚዘጋጁበት ጊዜ የዓመቱን ግብር ባንድ ጊዜ ማውጣት ለነጋዴው ከባድ ሆኖ ኖሯል።

ክርክሩ አደባባይ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ገማቾች በየሱቁ እየዞሩ የመዘገቡት የቀን ገቢ ግምት በዚያ ዓመት ሐምሌ ሲገለጽ፣ የተገመተብን ከምንሸጠው በብዙ እጥፍ ይበልጣል ያሉ ነጋዴዎች በአዲስ አበባ፣ በአምቦና በወሊሶ ሱቆቻቸውን ዘጉ። የቀን ገቢ ሲባል የዕለቱ ጠቅላላ ሽያጭ እንጂ የተጣራ ትርፍ አለመሆኑ ለብዙዎች አስቀድሞ አልተብራራም ነበር፤ ይሁንና ቅሬታው ከዚህ አለመግባባት ብቻ የመነጨ አልነበረም። ገማቹ በገበያ ቀን ወይም በዓል ሲቃረብ የደረሰበት ሱቅ እና ሥራ በቀዘቀዘበት ዕለት የደረሰበት ሱቅ የዓመት ሽያጫቸው እኩል ቢሆን እንኳ ግምታቸው እኩል ሊሆን አይችልም። የአንድ ቀን ዕይታ ለ365 ቀናት ሲባዛ በዕለቱ የተሳተው 300 ብር በዓመቱ ከ100,000 ብር በላይ ስሕተት ስለሚሆን፣ ዘዴው በቅን ገማች እጅም ቢሆን ፍትሐዊ ውጤት ሊሰጥ የሚችል አልነበረም።

ከግምቱ ሌላ የብር አቅም መዳከምም የደረጃዎቹን ትርጉም ለውጦታል። የ500,000 ብር ጣሪያ በቀን ሲካፈል ከ1,400 ብር በታች ነው፤ አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ 22 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በዓመት ጊዜ ውስጥ ከ130 ብር በልጧል። ስለዚህ ያንኑ ያህል ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ አንዲት ዕቃ ሳይጨምር፣ በዋጋ ንረት ብቻ ከደረጃ «ሐ» ወደ «ለ»፣ ከዚያም ወደ «ሀ» ይሸጋገር ነበር።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነውን ነጋዴ በሙሉ ደረጃ «ለ» አድርጎታል። የዚህ ደረጃ ግብር የሚሰላው ከሽያጩ ላይ ሲሆን፣ ሽያጩ ባደገ ቁጥር ምጣኔውም ያድጋል። ከጣሪያው ያለፈው ነጋዴ መዝገብ ይይዛል፤ ግብሩም በመርሕ ደረጃ ከዓመታዊ ሽያጩ 2.5 በመቶ እንዳያንስ ተደንግጓል።

ከሽያጭ ላይ የሚታሰብ ግብር ለአሠራር ቀላል ቢሆንም የትርፍ ልዩነትን አያይም። በቀን 5,000 ብር የሚሸጥ ባለሱቅ የዓመት ሽያጩ 1,825,000 ብር ይሆናል፤ ከዚህ 5 በመቶ አተረፈ ቢባል ትርፉ 91,250 ብር ስለሆነ፣ በሽያጩ ላይ የሚጣል እያንዳንዱ አንድ በመቶ ከትርፉ አንድ አምስተኛውን ይወስዳል። ያንኑ ያህል ገቢ ያለው ፀጉር ቤት ግን ከገቢው ግማሹ ቢተርፈው፣ ያው አንድ በመቶ ከትርፉ አንድ ሃምሳኛው ብቻ ነው። ከመሠረታዊ ሸቀጥ በትንሽ ትርፍ የሚኖረው ነጋዴ ከሌላው ይበልጥ የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

ግምትን የሚያስቀር ማስረጃ ደግሞ በችርቻሮ ነጋዴው ብቻ የሚፈጠር አይደለም። የጀሞው ባለሱቅ የግዢ ደረሰኝ የሚኖረው የመርካቶው ጅምላ ሻጭ ደረሰኝ ሲቆርጥለት ነው፤ ጅምላ ሻጩም ከአስመጪው ወይም ከፋብሪካው ካልተቀበለ የሚቆርጠው በኪሳራ ይሆንበታል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ የደረሰኝ ቁጥጥር በተጠናከረ ጊዜ ብዙ ሱቆች መዘጋታቸው ይህ ሰንሰለት ከላይ ጀምሮ የተበጠሰ መሆኑን ያሳየ ክስተት ነው። በሌላ በኩል በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና የባንኮች የሞባይል ክፍያ የዕለት ሽያጭ በራሱ ጊዜ የሚመዘገብበትን መንገድ ከፍተዋል፤ ነገር ግን ከዘመድ የተላከ ገንዘብ፣ የዕቁብ ብርና የሽያጭ ገቢ በአንድ የግል ሒሳብ ውስጥ ሲቀላቀሉ የትኛው ሽያጭ እንደሆነ የማስረዳቱ ሸክም በነጋዴው ላይ ይወድቃል።

ውሳኔው ስሕተት ነው የሚል ግብር ከፋይ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን ማቅረብ፣ በምላሹ ካልረካም በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ማለት ይችላል። ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንዲያየው ግን ከተከራከረበት ግብር ግማሹን፣ ፍርድ ቤት ለመድረስ ደግሞ ሦስት አራተኛውን አስቀድሞ ማስያዝ አለበት። ትልቅ ድርጅት ይህን ከጥሬ ገንዘቡ ከፍሎ ሊከራከር ይችላል፤ ገንዘቡ በሙሉ መደርደሪያው ላይ ያለ ባለሱቅ ግን ለይግባኝ የሚያስይዘውን የሚያገኘው የዕቃ መግዣውን በመንካት ነው፤ በመሆኑም በግምቱ ያልተስማማው ነጋዴ እንኳ ብዙ ጊዜ ከፍሎ ዝም ማለትን ይመርጣል።